አባቴ ያልተስማማበት ዓረፍተ ነገር

ወደ ትምህርት የተመለስኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የተሰፋ ሸሚዝ እመረምር ነበር፤ ክር ያመለጠበትን፣ ኮሌታው የተጣመመውን እየለየሁ ወደ ጎን አኖራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ታሪክ እማር ነበር። ጦርነቱ ሥራውንም ትምህርቱንም አቋርጦት ቆይቶ ሁለቱም እንደገና ሲከፈቱ አንዱን መርጬ ሌላውን መተው አቃተኝ።

"ሸሚዙም ታሪኩም አንድ ላይ ይሆናል?" አለኝ አባቴ።

"ይሆናል አባ።"

"እንግዲህ አብሽሪ" አለ። ወሎዬ ነው፤ ነገር ሲከብድም ሲቀልም የሚለው ይህንኑ ነው።

አባቴ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ጺሙ ገና በቅጡ ሳይወጣ ነው ከወሎ የመጣው። እናቴ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ስላረፈች ያደግኩት ከእሱ ጋር፣ ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ነው። ከሱቃችን ቀጥሎ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ የመቐለ ሴት አለች። እኔ ኣደይ እላታለሁ፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ አባቴ ሱቅ ከያዘው እሷ ትሄድልኝ ነበር፣ ባጠፋሁ ጊዜም ከእሱ ቀድማ የምትቆጣኝ እሷ ነበረች። ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእሷ ጋር ትግርኛ እናገራለሁ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል።

የታሪክ መምህራችን በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ቲቸር እንላታለን። የመጀመሪያ ድርሰታችንን አስረክበን በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመጣ ወረቀቶቹን ታቅፋ ገባችና "አንድ መግቢያ ላነብላችሁ ነው። የማን እንደሆነ ንገሩኝ" አለች።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። "ታሪክ ያለፈውን የምናይበትና የወደፊቱን የምንተልምበት መስታወት ነው። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ ምክንያቶች ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ኖሯል።"

ፊቴ ጋለ። የእኔ ነው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ የተቀመጠ የወረዳ ሠራተኛ "የእኔ ነው ቲቸር" አለ። በሩ አጠገብ ያለች ነርስ ደግሞ "እኔም የእኔ መስሎኝ ነበር" አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቲቸርም ሳቀች፤ ግን የሚያሳፍር ሳቅ አልነበረም።

"ችግሩ የሁላችሁም መሆኑ ነው" አለች። "ይህን መግቢያ ስለ ጨው ንግድ በተጻፈ ድርሰት ላይ ብለጥፈው ይሄዳል። ስለ ባቡር በተጻፈም ላይ ይሄዳል። አንባቢው ግን ድርሰታችሁን የከፈተው ስለ ሰው ልጅ በሙሉ ሊሰማ አይደለም። ቶሎ ብላችሁ ቦታውንና ሰዎቹን አሳዩት። ምን ግራ እንዳጋባችሁ ንገሩት። ከዚያ መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት።"

ያን መልስ ቴሲስ ትለዋለች፤ ድርሰቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከራከርለት ሐሳብ። አንዱ ተማሪ ከርዕስ በምን እንደሚለይ ጠየቃት።

"ርዕስ ላይ ማንም አይጣላችሁም" አለች። "ቴሲስ ላይ ግን አስተዋይ ሰው ብድግ ብሎ 'አይ፣ እኔ አልስማማም' ሊላችሁ ይገባል። ማንም የማይከራከረው ከሆነ ገና ምንም አላላችሁም።"

ቀጣዩ ድርሰት ከምናውቀው ሰፈር ተነስተን፣ ሰው ጠይቀን የምንጽፈው ነበር። የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት አለችን። እኔ ሩቅ አልሄድኩም። በአባቴ መደዳ ያሉትን ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች መረጥኩ፤ ለምን ወደ መቐለ እንደመጡ ልጽፍ።

መልሱን የማውቀው መስሎኝ ስለነበር ማንንም ሳልጠይቅ ቴሲሴን ጻፍኩ። የወሎ ነጋዴዎች ወደ መቐለ የመጡት ድርቅና ችግር ገፍቷቸው ነው የሚል ነበር። ማምሻውን ከሥራ ስመለስ ሱቁ ገብቼ አነበብኩለት። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተበተነ ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

"እኔ ችግር አመጣኝ ብዬሽ አውቃለሁ?" አለ።

"አላልከኝም። ግን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ችግርማ ነበረ። ወንድሜን ወደ ደሴ፣ የአጎቴን ልጆች ወደ አፋር የሰደዳቸው ያው ችግር ነው። ታዲያ እኔን ለምን ወደዚህ አመጣኝ?"

"ለምን አመጣህ?"

መጠቅለሉን አቆመ። "ገበያው ነዋ። መቐለ ጨርቅ ይወድ ነበር።"

ከዚያ ቁጭ አለ። አባቴ ለምን መጣህ ሲባል ከራሱ አይጀምርም። ከአያቱ በቅሎ ይጀምራል፤ በቅሎዋ እንዴት እንደተገዛች፣ ማንን እንደረገጠች፣ በእሷ ምክንያት ከየትኛው ቤተሰብ ጋር እንደተኳረፉ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩ። በቅሎዋ ገና ወንዝ ሳትሻገር፣ ልጇን የምትድር ሴት ለጋቢ ጠርዝ የሚሆን ጥለት ፈልጋ ገባች፤ ወሬያችንም እዚያው ቆመ።

ቴሲሴን ቀየርኩት፤ ያመጣቸው ገበያ ነው አልኩ። ለአባቴ ሳነብለት "ልክ ነው" አለ። ማዶ ላለው ብርድ ልብስ ሻጭ አነበብኩለት፤ እሱም ልክ ነው አለ። ቀጥሎ ያለው ሽርጥና ሻሽ የሚሸጠው ደግሞ ሻይ ጋበዘኝ። በጣም ደስ ብሎኝ ሻዬን እየጠጣሁ ሳለሁ የቲቸር ነገር ትዝ አለኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ። በመደዳው ውስጥ የሚከራከረኝ አንድ ሰው አልነበረም።

የቀረችው ኣደይ ነበረች። በርበሬዋን እያበጠረች አዳመጠችኝና ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

"እንታይ ደኣ ገበያ?" አለች፤ የምን ገበያ ማለቷ ነው። "ስሚ ጓለይ፣ ስሚ ልጄ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ቆይቶ መንገድ ሲከፈት ስንቱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አባትሽ ግን ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ እዚህ ቀረ። ገበያ ቢሆን ያመጣው፣ ገበያ ሲጠፋ አይሄድም ነበር?"

"ታዲያ ለምን ቀረ ትያለሽ?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ። ግትር ስለሆነ ነዋ" አለችና ሰፌዷን አነሳች።

ግድግዳው ስስ ነው። ከወዲያ በኩል አባቴ "እየሰማሁ ነው" አለ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ስማ፣ ስማ" ብላ ማበጠሯን ቀጠለች።

ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ይህን ለቲቸር ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋን ወለል ላይ አስቀምጣ ደረቷ ላይ እጆቿን አጣመረች። "አሁን ጥያቄ አገኘሽ" አለችኝ። "ጥያቄሽ ለምን መጡ አይደለም። ያው ገበያ፣ ያው መዘጋት ደርሶባቸው ገሚሱ ሲሄድ ገሚሱ ለምን ቀረ ነው። ይህ ግራ ያጋባል። መግቢያሽ ከዚህ ይጀምር።"

በሳምንቱ ይዤላት የሄድኩት መልስ ጉርብትና የሚል ነበር። ያቆያቸው ጉርብትና ነው ብዬ፣ በመቻቻልና በፍቅር አሳምሬ ጽፌዋለሁ። ቲቸር አነበበችና በእርሳስ ቃሉን ከበበችው።

"ደስ የሚል ቃል ነው" አለች። "ግን አይታየኝም። ጉርብትና ሲሠራ ምን ያደርጋል? ሰው በእጁ ምን ሲያደርግ ነው ጎረቤት የሚባለው?"

አኩርፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። የኖርኩበትን ነገር፣ ያሳደገኝን ነገር አይታየኝም መባሉ ከነከነኝ። ደግሞም ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ኣደይ ለዓይኗ ሞራ ቀጠሮ ደረሳት። ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት በባጃጅ ዓይደር ሆስፒታል ወሰድኳት። ተራዋ እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ እጄን ያዘችና "ዛሬ የገበያ ቀን ነው እኮ" አለች። የሚያክሙላትን ዓይን አይደለም ያሰበችው፤ የተዘጋውን ሱቅ ነው። ወደ ውስጥ ስትገባ ልጇ ከሥራ ቦታዋ መጥታ ተተካችልኝና ለአባቴ ልነግረው ወደ ገበያ ተመለስኩ።

የጨርቅ ሱቁ በር ገርበብ ብሎ ውስጡ ሰው የለም። አባቴ የቅመም ሱቁ ውስጥ፣ በኣደይ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ቆቡ በርበሬ ነክቶት ቀልቷል። እያስነጠሰ፣ በመሐረብ አፍንጫውን እየጠረገ፣ ከፊቱ ለቆመች ሴት ኮረሪማ ፍለጋ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ይከፍታል።

"እሱ ጥቁር አዝሙድ ነው" አለችው ሴትየዋ።

"ይህኛውስ?"

"እሱም ጥቁር አዝሙድ ነው።"

በመጨረሻ ራሷ ገብታ ከጥግ ያለውን ጆንያ አሳየችው፤ ራሷ ሰፈረች፤ ራሷ መዘነች። እሱ አመስግኖ ሸኛት።

"አባ፣ ያንተን ሱቅ ማን እየጠበቀው ነው?"

"እሱን ማን ይነካዋል። የእሷ ደንበኛ ከገጠር የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። ተዘግቶ ካየ ሌላ ጋ ይለምዳል።" ደግሞ አስነጠሰ። "እኔ ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ስቆይ የእኔን ማን ነበር የሚከፍተው? እንዴት ነች፣ ገባች?"

"ገባች" አልኩት። ሐሳቤ ግን ወደ ልጅነቴ ሄዶ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ቁልፉን የሚሰጠው ለእሷ ነበር። ጠዋት የራሷን ሱቅ ከፍታ የእሱንም ትከፍታለች፤ በሁለቱ መካከል ስትመላለስ ትውላለች። ጨርቅ የምትለካው በሜትር ሳይሆን በክንዷ ነው፤ ክንዷ ደግሞ ቸር ነበር። እሱ ሲመለስ ጥቅሉን እያየ "አንቺ ሴትዮ፣ ግማሹን በምርቃት ሰጥተሽዋል እኮ" ይላት ነበር። እሷም "ደንበኛ ጠብቄልሃለሁ፣ ዝም በል" ትለዋለች። ይህን ሁሉ ዕድሜዬን አይቼዋለሁ። ታሪክ ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፤ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ጥያቄዬ አጭር ሆነ። ዕቃ ልታመጡ ስትሄዱ ሱቃችሁን ማን ነበር የሚከፍተው እላለሁ። የቀሩት ነጋዴዎች ሳያስቡ ይመልሳሉ፤ ሽርጥ ሻጩ በጣቱ ወደ ልብስ ሰፊው ጠቆመ፤ ሰፊውም ካለበት እጁን አነሳ። ስለሄዱት ስጠይቅ ግን የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ቆልፎ ነበር የሚሄደው ይሉኛል። ጎበዝ ነጋዴ ነበር፣ ብዙ ይሸጥ ነበር፣ ግን ቆልፎ ነበር የሚሄደው።

አንድ ሰው ብቻ አላመቸኝም። ድሮ ምንጣፍ ይሸጥ የነበረ፣ ሳቂታ ሰው፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ጎረቤቱ ዘንድ ነበር፤ እሱ ግን ሄዷል። ስልክ ቁጥሩን ከአባቴ ወስጄ ደወልኩለት። ለምን እንደሄደ ስጠይቀው "እናቴ አርጅታ ብቻዋን ነበረች፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?" አለኝ። ከዚያ ስለ መደዳው ሰው ሁሉ በየስሙ ጠየቀኝ። ኣደይ ዓይኗን መታከሟን ስነግረው ረጅም ዱዓ አደረገላት፤ መስመሩ እስኪቋረጥ አዳመጥኩት።

ቲቸርን "ይህን ሰውዬ ልተወው?" አልኳት። "ነገሩን ያበላሽብኛል።"

"እንዳትተዪው" አለች። "ደብቀሽው ሌላ ሰው ቢያገኘው ድርሰትሽን ያፈርሰዋል። አንቺ ራስሽ በመግቢያው ካስተዋወቅሽው ግን አንባቢው ያምንሻል። ሐሳብሽም በየትኛው ላይ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ላይ እንደማይሠራ ይለያል።"

እንደዚያ አደረግኩ። በመጨረሻ የወጣልኝ መግቢያ ይህ ነበር፦

"በቀዳማይ ወያነ ገበያ የጨርቅ መደዳ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ሱቆች አሉ። ለምን መጣችሁ ሲባሉ ገበያው አመጣን ይላሉ። ሱቆቹ ተዘግተው ቆይተው መንገድ ሲከፈት ግን ከእነሱ ገሚሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ፤ የቀሩትም የግድ ብዙ የሚሸጡት አልነበሩም። ይህ ድርሰት ነጋዴዎቹን ወደ መቐለ ያመጣቸው ንግድ ቢሆንም ያቆያቸው በሌሉበት ሱቃቸውን የሚከፍትላቸው የከተማው ሰው ማግኘታቸው ነው ሲል ይከራከራል። እንዲህ ያለ ሰው እያለውም የሄደ አለ፤ የእሱ መሄድ የቤተሰብ ግዴታ ከገበያ ዝምድና የሚበረታበትን ቦታ ያሳያል።"

ዓርብ ማምሻውን ከሥራ መጥቼ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ኣደይ አንድ ዓይኗ ገና በፋሻ ተሸፍኖ በሱቃችን በር ላይ ተቀምጣለች። በአማርኛ ከጨረስኩ በኋላ "በትግርኛ በይኝ እስቲ" አለችኝ። እዚያው እየመለስኩ ነገርኳት። አንድ ቃል ላይ አረመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች "ሱቅ መክፈት ደግሞ ምን አለው፤ እንዲያው ጽፈሽዋል" አለች። ደስ እንዳላት ግን ታየኝ።

አባቴ ጨርቅ እያጠፈ ነበር። "እኔ አልስማማም" አለ።

"የቱ ላይ?"

"እኔ የቀረሁት ሱቅ ስለተከፈተልኝ አይደለም።"

"ገበያው ልትል ነው?"

"አይ" አለ። ያጠፈውን መልሶ ፈታውና እንደገና ማጠፍ ጀመረ። "እናትሽ ያረፈች ጊዜ ወንድሜ ሊወስደን መጥቶ ነበር። ልጅ በሰው አገር ሳይሆን በወገን መካከል ነው የሚያድገው ብሎ ለመነኝ። እኔም ዕቃዬን አስሬ ነበር። አንቺ ተኝተሻል። በእንቅልፍ ልብሽ ማውራት ጀመርሽ፤ በትግርኛ። ወንድሜ አልገባውም። 'ምን ነው የምትለው?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ተረጎምኩለት። ስተረጉምለት፣ እዚያ ከወሰድኩሽ ዕድሜሽን ሙሉ ስተረጉምልሽ ልኖር ነው ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ዕቃውን ፈታሁት።"

ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። የጠየቀችው ኣደይ ናት።

"ምን ትል ነበር ልጅቷ?"

"ውሃ ነበር የምትለው። ማይ፣ ማይ።"

ኣደይ ባልተሸፈነው ዓይኗ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይኸውልሽ" አለች። "አስሮ ደግሞ ይፈታል። ግትር ነው አላልኩሽም?"

አባቴ ሳቀ፤ እኔም በእንባ መካከል ሳቅሁ።

"አባ፣ ይህን ድርሰቱ ውስጥ ላስገባው?"

"ለትምህርት ቤት ይሆናል?"

"ይሆናል መሰለኝ። አንድ ነጋዴ በዚህ ሐሳብ አይስማማም ብዬ ያንተን ምክንያት እጽፋለሁ።"

"ስሜን ሳትጠሪ።"

"ሳልጠራ።"

"እንግዲህ አብሽሪ" አለ።

ቴሲሴን አልቀየርኩትም። የሌሎቹ ነጋዴዎች ነገር አሁንም እንደጻፍኩት ነበርና። ከማጠቃለያው በፊት ግን ለአባቴ አንድ አንቀጽ ሰጠሁት። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ብዙው ነገር ሾልኮ ቀረብኝ፤ በእንቅልፍ ልብሽ የሚለውን እንዴት እንደምለው ጨርሶ አላገኘሁም፤ ተኝታ ሳለች ብዬ አለፍኩት። ቲቸር ወረቀቱን ስትመልስልኝ ጥሩ ውጤት ሰጥታኝ ነበር። በአባቴ አንቀጽ ጎን በእርሳስ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሰው ሊያሳምነኝ ተቃርቦ ነበር ይላል።

ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ የእርሳሱን ጽሑፍ አየው፤ እንግሊዝኛ ባይችልም አየው።

"ስንት ሰው ነው የሚያነበው ይህን?" አለኝ።

"አንድ ሰው። ቲቸር ብቻ።"

"ያን ያህል ለፍተሽ ለአንድ ሰው?"

"አንተና ኣደይም ሰምታችሁታል።"

ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ መለሰልኝ። "ይበቃል እንግዲህ" አለ። ደንበኛ ገብቶ ስለነበር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ እሱ ሄደ።